ከመንገድ ጠርዝ የተጀመረ ገበያ፦ የአትላንታን የገበሬ ገበያዎች ዞረን ያየነው



በየካቲት ወር ስብሰባችን ላይ የቀረበውን ሐሳብ ታስታውሳላችሁ። ከመረዳጃ ሣጥናችን ጥቂት ገንዘብ ወጥቶ በአትላንታ ካሉት የገበሬ ገበያዎች በአንዱ መደብ እንከራይ፤ በየጓሯችን የምናበቅለውን ጎመን፣ በሶብላ፣ ጤና አዳምና ቃሪያ እያመጣን በጋራ እንሽጥ የሚል ነበር። ሐሳቡን ያመጡት ወጣት እናቶች ናቸው። ሁለቱ በዚያ ክረምት ከመጋዘን ሥራ ተቀንሰው ቤት የዋሉ ነበሩ። ውይይቱ ገና ሳይጀመር ግን አንዲት ታላቅ እህታችን ተነሡና «ባሕር ተሻግሬ የመጣሁት ጉሊት ለመቀመጥ ነው?» ብለው ተቀመጡ። ቤቱ ጸጥ አለ። እኒህን እህታችንን ያሳደጓቸው እናታቸው ጉሊት ተቀምጠው ሽንኩርት እየቸረቸሩ እንደ ነበር አብዛኞቻችን እናውቃለን።

ጉዳዩን በእጅ ብልጫ መጨረስ ይቻል ነበር። ነገር ግን የተሸነፈው ወገን አኩርፎ የሚሄድበት ማኅበር ብዙ አይቆይም። ስለዚህ ሰባት ሆነን ገበያዎቹን ዞረን እንድናይ፣ ታሪካቸውንም አጣርተን እንድንመለስ ተወሰነ። ታላቅ እህታችንም ከሰባቱ አንዷ እንዲሆኑ ለመንናቸው፤ ጥቂት አንገራግረው እሺ አሉ። ይህ ጽሑፍ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ስንዞር ያየነውና የተማርነው ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቃጠሎ በኋላ የቆመ ገበያ

የጀመርነው ከመሐል ከተማው አሮጌ ገበያ ነው። ኤጅውድ ጎዳና ላይ፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ ከተወለዱበት ከኦበርን ጎዳና አጠገብ ይገኛል። የከተማው ባቡር እዚያው ደጃፉ ላይ ይቆማል። ሕንፃው ዝቅ ያለ፣ ሰፊ፣ በጡብና በሲሚንቶ የተሠራ ነው። እግር ሲገባ የሚቀበለው የሥጋ ሽታ ነው፤ የከብት ጭራ፣ የአሳማ እግር፣ ጨጓራና አንጀት በየመስታወቱ ተደርድሯል። ዕለቱ ቅዳሜ መሆኑ በጀን እንጂ በዓርብ ብንመጣ ኖሮ ከደጅ እንመለስ ነበር። ከሥጋው አለፍ ሲሉ የጎመን ክምር፣ ስኳር ድንች፣ ባሚያና ኦቾሎኒ ይገኛል።

የዚህ ገበያ መነሻ እሳት ነው። በግንቦት 21 ቀን 1917 በአትላንታ የተነሣው ቃጠሎ በአንድ ቀን ወደ 300 ኤከር፣ በእኛ አነጋገር ሦስት ጋሻ ያህል መሬት ላይ የነበረውን አወደመ። ከ1,900 በላይ ቤቶችና ሕንፃዎች ነደዱ፤ ወደ 10,000 ሰው ቤት አልባ ሆነ። ከእነዚህም ብዙዎቹ በከተማው ምሥራቅ በኩል በተጠጋጉ የእንጨት ቤቶች ይኖሩ የነበሩ ጥቁሮች ናቸው። በማግስቱ ዓመት፣ በ1918፣ እሳቱ ባራቆተው መሬት ላይ ገበሬዎች ምርታቸውን እያመጡ መሸጥ ጀመሩ። ግድግዳ የሌለው፣ ዝናብና ፀሐይ የሚፈራረቅበት ገበያ ነበር። ሰው ግን ወደደው። ጦርነት ያስወደደው የምግብ ዋጋ ባለበት ጊዜ ከገበሬው እጅ በቀጥታ መግዛት ለድሃ ቤተሰብ ትልቅ እፎይታ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ታሪክ እኛን ሴቶችን በቀጥታ ይመለከታል። ገበያው ጣሪያና ግድግዳ ያገኘው የአትላንታ የሴቶች ክበብ በተባለ ማኅበር ጥረት ነው። ይህ ክበብ የተመሠረተው በ1895 ነው። አባላቱ ድግስ አዘጋጅተው ሻይ ጠጥተው አልተለያዩም፤ ለከተማው የገበያ አዳራሽ እንዲሠራ ተሟገቱ፣ ወደ 300,000 ዶላር ገንዘብም አሰባሰቡ። እሳት የማይበላው የጡብና የሲሚንቶ ሕንፃ ተሠርቶ በ1924 ተከፈተ። ዛሬም የቆመው ያው ነው። እኛ በየወሩ ከምናዋጣው ሳንቲም ጋር ሲተያይ ገንዘቡ የትየለሌ ነው፤ ሴቶቹም የሀብታም ባለቤቶች ነበሩ። ቢሆንም ሥራው ከእኛው ሥራ አይለይም። ማዋጣት፣ ደጅ መጥናት፣ መመዝገብና መቁጠር ነው።

ከውስጥ ነጭ፣ ከጠርዝ ጥቁር

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ደስ ባለን ነበር። ነገር ግን የሴቶች ክበቡ የነጮች ሴቶች ክበብ ነበር፤ ያሠሩት አዳራሽም የከተማውን የዘር ሕግ ተከተለ። ከጣሪያው ሥር ቆመው የሚሸጡትና የሚገዙት ነጮች ሆኑ። ጥቁር ገበሬዎችና ጥቁር ገዢዎች ከውጭ፣ በሕንፃው ዙሪያ ባለው የመንገድ ጠርዝ ላይ እንዲገበያዩ ተደረገ። በእንግሊዝኛ የመንገዱን ጠርዝ ከርብ ይሉታል። ሰዉም ገበያውን ከርብ ገበያ ይለው ጀመር። ከሁሉ ቀድሞ ቃጠሎው ቤቱን ያሳጣው ሕዝብ በገዛ ሰፈሩ በተሠራው ገበያ ውስጥ መግባት ተከለከለ ማለት ነው።

ዛሬ በዚያ አዳራሽ ውስጥ የሚሸጡትም የሚገዙትም ሁሉም ዓይነት ሰዎች ናቸው። በ1990ዎቹ ገበያው «ስዊት ኦበርን ከርብ ገበያ» የሚለውን ስም በይፋ ያዘ። ያ ሁሉ ስም ሞልቶ ሳለ ለምን የውርደቱን ስም መረጡ ብለን እርስ በርሳችን ተጠያየቅን። ይህን ጊዜ ከመካከላችን አንዷ «የእኛስ መርካቶ?» አለች።

እውነቷን ነው። የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ ድሮ አራዳ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ጣሊያን ከ1936 እስከ 1941 አገራችንን በወረረበት ጊዜ ነጭና ጥቁር አብሮ አይኖርም፣ አብሮም አይገበያይም ብሎ ከተማውን ሊከፋፍል ተነሣ። አራዳን ለአውሮፓውያን አድርጎ የሀገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፋው፤ ስሙንም በራሱ ቋንቋ «የአገሬው ተወላጆች ገበያ» አለው። ወራሪው በአምስት ዓመቱ ተባረረ። «መርካቶ» የሚለው የጣሊያንኛ ቃል ግን ቀረ፤ እናቶቻችንም ቤታቸውን ያቆሙበት፣ እኛንም ያስተማሩበት ስፍራ ሆነ። ዛሬ መርካቶ ሲባል ማን ስለ ወራሪ ያስባል? የነገዱበት ሰዎች ስሙን የራሳቸው አደረጉት። የኦበርን ሰዎችም ያደረጉት ይህንኑ ይመስለናል። ጠርዙ ላይ ቆመው ልጆቻቸውን አሳድገዋልና ጠርዙ የእነሱ ነው።

ታላቅ እህታችን ይህን ሲሰሙ ምንም አልተናገሩም። አንድ እስር ጎመን ገዝተው ቅጠሉን አንድ በአንድ እያገላበጡ ወደ ደጅ ወጡ።

ጎመኑና ባሚያው

ስለ ጎመን ካነሣን አይቀር ትንሽ እንጨምር። በአትላንታ የምንሠራው ጎመን ወጥ በአብዛኛው የሚሠራው ኮላርድ ከሚሉት ቅጠል ነው። ቅርብ ዘመድ ቢሆንም የሐበሻ ጎመን አይደለም። የእኛው ቅጠሉ ሳሳ ያለ፣ ዘሩም ምጣድ የምናሰስልበት የጎመን ዘር ነው። ኮላርድ ወፍራም ነው፤ እሳት ይፈልጋል። የደቡብ ጥቁሮች ከአሳማ ሥጋ ጋር ረጅም ሰዓት ይቀቅሉታል፤ ውሃውንም አይደፉትም፣ በበቆሎ ዳቦ እያጠቀሱ ይበሉታል። በባርነት ዘመን በየጎጆው ጓሮ ከሚበቅሉት አትክልቶች አንዱ ነበር።

ባሚያና ሐብሐብ ደግሞ በባሪያ ንግድ ዘመን ከአፍሪካ ወደዚህ የተሻገሩ ናቸው። ጋምቦ የሚባለው የሉዊዚያና ወጥ ስሙን ያገኘው ባሚያ በአፍሪካ ቋንቋ ከሚጠራበት ስም ነው። የኦቾሎኒ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ቢሆንም ወደ አፍሪካ ተወስዶ ከዚያ ተመልሶ በዚሁ መንገድ መጥቷል፤ ዛሬ ከአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ሁሉ ብዙ ኦቾሎኒ የምታመርተው ጆርጂያ ናት። ጨው ባለበት ውሃ ቀቅለው በየመንገዱ ሲሸጡት ያየች አንዲት አባላችን «ይኸ የልጅነቴ ሽታ ነው» ብላ ከመኪና ወርዳ ገዛች። ገበያው ላይ ቁጭ ብሎ ከሚሸጠው ብዙው ነገር እንደ እኛው ስደተኛ ነው፤ ልዩነቱ ያመጡት ሰዎች በፈቃዳቸው አለመምጣታቸው ነው።

ጎረቤት ሳያውቅላት የሞተች ሴት

ገበያውን ስንጠይቅ የሰማነው ሌላ ታሪክ ስለ ሁለት የጥቁር ሴቶች ማኅበራት ነው። ሁለቱም ከእኛ ማኅበር ጋር ስለሚዛመዱ ልናልፋቸው አልወደድንም።

አንደኛው የ1881ቱ ነው። በዚያ ዘመን በአትላንታ ለሥራ ከወጡት ጥቁር ሴቶች እጅግ ብዙዎቹ የሰው ልብስ አጣቢዎች ነበሩ። በሐምሌ ወር 20 ያህል ሴቶች በአንድ ቤተ ክርስቲያን ተሰብስበው ማኅበር አቋቋሙ። ሁሉም በአንድ ዋጋ እንዲያጥቡ ተስማሙ፤ አሠሪዎች እምቢ ሲሉም ሥራ አቆሙ። በሦስት ሳምንት ውስጥ 20ዎቹ 3,000 ደረሱ። የከተማው ምክር ቤት ሊያስፈራራቸው ፈልጎ የማኅበሩ አባል ሁሉ 25 ዶላር የፈቃድ ክፍያ ትክፈል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ይህ ለአጣቢ ሴት የብዙ ወር ገቢ ነበር። እነሱም ለከንቲባው በጻፉት ደብዳቤ፣ እንከፍላለን፣ ከከፈልን በኋላ ግን ዋጋውን የምንወስነው እኛ ነን አሏቸው። ምክር ቤቱም በመጨረሻ ክፍያውን ተወው።

ሁለተኛው የ1908ቱ ነው። ሉጄኒያ በርንስ ሆፕ የተባሉ ሴት በአትላንታ ምዕራብ በኩል፣ ባለቤታቸው ከሚያስተምሩበት ኮሌጅ አጠገብ ይኖሩ ነበር። በሰፈራቸው አንዲት ወጣት ሴት ታማ ጎረቤት ሳያውቅላት ሞተች። ወይዘሮ ሉጄኒያ በዚህ ነገር አዝነው ጎረቤቶቻቸውን ሰበሰቡና «የጎረቤት ኅብረት» የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። ሴቶቹ ከተማውን በየቀጠና ከፋፍለው ቤት ለቤት እየዞሩ የታመመውን፣ ልጁን ትምህርት ቤት ያላስገባውን፣ ውሃ የሌለውን መዘገቡ። ሕፃናት ማዋያ፣ መጫወቻ ሜዳና ክሊኒክ አቋቋሙ። ይህ ሁሉ የሆነው በ1906 በአትላንታ በጥቁሮች ላይ ከደረሰው እልቂት በኋላ፣ ሰው ሁሉ በፍርሃት በሩን በዘጋበት ጊዜ ነው። ይህን ስንሰማ ሁላችንም ያሰብነው ዕድርን ነው። በሀገራችን ሰው ብቻውን አይሞትም እንላለን። እዚህ ግን በየአፓርታማው ብቻዋን የምትታመም እህት እንዳለች በየወሩ የምንዞረው እኛ እናውቃለን።

አንድ ጋሻ ተኩል ገበያ

በሰኔ ወር ከከተማው ወደ ደቡብ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ማዶ ወዳለችው ፎረስት ፓርክ ሄድን። የጆርጂያ ክፍለ ግዛት የገበሬዎች ገበያ እዚያ ነው። በ1959 የተከፈተ ሲሆን 150 ኤከር፣ ማለትም አንድ ጋሻ ተኩል ያህል ስፋት አለው። በእግር ልናየው አስበን በግማሽ ሰዓት ደከመን፤ ይህ ገበያ በመኪና የሚታይ ነው። ጣሪያ ብቻ ያላቸው ረጃጅም መጠለያዎች ተደርድረዋል። በአንዱ ወገን ትልልቅ ጭነት መኪናዎች በጅምላ ያራግፋሉ፤ በሌላው ገበሬው ራሱ ሐብሐብና ኮክ ከምሮ በሳጥን ይሸጣል።

እዚህ የተማርነው የጅምላና የችርቻሮን ልዩነት ነው። ከገበሬው በሳጥን የሚገዛ ሰው በሱፐርማርኬት በፍሬ ከሚገዛው በብዙ ይቀንስለታል። ሰባታችን ተካፍለን አንድ ሳጥን ቲማቲምና አንድ ሳጥን ቃሪያ ገዛን፤ ለሰባት ቤት ሳምንት በቃ። እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር ገባን፦ ማኅበራችን ምንም ባይሸጥ እንኳ በጋራ መግዛት ብቻውን ጥቅም ነው። ይህን ሐሳብ ከመደቡ ጉዳይ ለይተን በሐምሌ ስብሰባ አቅርበነው ወዲያው ጸድቋል። በየአሥራ አምስት ቀኑ ሁለት እህቶች ተራ ገብተው ይገዛሉ፤ የታዘዘው በእሑድ ይከፋፈላል።

ዲኬተር ያለውን ትልቁን የገበሬ ገበያ ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት ስለ እሱ ብዙ አንልም። ስሙ የገበሬ ገበያ ቢሆንም ገበሬ ቆሞ አይሸጥበትም፤ ከዓለም ዙሪያ ዕቃ የሚያስመጣ ትልቅ መደብር ነው። በ1977 በመንገድ ዳር እንደ ትንሽ የአትክልት መሸጫ ተጀምሮ አሁን ባለበት ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ከ1986 ጀምሮ ይገኛል። ጣሪያው በየአገሩ ባንዲራ የተሞላ ነው፤ ሠራተኞቹ ደረታቸው ላይ የሚናገሩትን ቋንቋ የሚገልጽ ምልክት አላቸው። እዚህ ከተማ በመጣን ሰሞን እንግሊዝኛ ሳንችል፣ አማርኛ የሚል ጽሑፍ ያላትን ሠራተኛ ፈልገን ምስርና እርድ የት እንዳለ የጠየቅን ብዙዎች ነን። ከአባሎቻችንም የመጀመሪያ ደመወዛቸውን ያገኙት በዚያ የሆነ አሉ።

መሬት ያለው፣ መሬት ያጣው

በሐምሌና በነሐሴ የዞርነው የቅዳሜ ገበያዎችን ነው። በ1895 ትልቁ የጥጥ አምራች ክፍለ ግዛቶች አውደ ርእይ በተደረገበት በፒድሞንት ፓርክ፣ በካርተር ማዕከል ግቢ፣ ከ1995 ጀምሮ ባለው በሞርኒንግሳይድ ሰፈር ገበያ ተገኘን። በእነዚህ የሚሸጠው ያመረተው ሰው ራሱ ነው። ዋጋቸው ውድ ነው፤ አንደኛዋ እህታችን የአንድ እስር ቀይ ሥር ዋጋ ስትሰማ መልሳ አስቀመጠችው። ሆኖም በብዙዎቹ የመንግሥት የምግብ ካርድ ያለው ሰው አትክልትና ፍራፍሬ ሲገዛ ዋጋው በግማሽ ይቀነስለታል። ይህን የማያውቁ አባላት ስላሉ ደግመን እንላለን፦ ካርዳችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ መረጃ መስጫ ጠረጴዛው ላይ ጠይቁ። ከ2015 ወዲህ ደግሞ በአንዳንድ የማርታ ባቡር ጣቢያዎች ደጃፍ ትኩስ አትክልት ይሸጣል፤ መኪና ለሌላት እናት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በእነዚህ ገበያዎች ጥቁር ገበሬ ብዙ አላየንም። ምክንያቱ ረጅም ነው። በ1920 በአሜሪካ ከ925,000 በላይ ጥቁር ገበሬዎች ነበሩ፤ ከሰባት ገበሬ አንዱ ማለት ነው። ዛሬ ከመቶ ሁለት አይሞሉም። ጥጡን ነቀዝ በላው፤ ብዙው ሰው ግፍ ሸሽቶ ወደ ሰሜን ሄደ፤ የቀረውም ከመንግሥት የእርሻ ቢሮ ብድር ሲጠይቅ ለነጭ ጎረቤቱ የተሰጠው ለእሱ ተከለከለ ወይም ዘርቶ ካለፈ በኋላ ተሰጠው።

የዚህ ምሳሌ ከአትላንታ በስተ ደቡብ፣ በኦልባኒ ከተማ አቅራቢያ አለ። በ1969 ሸርሊ ሼሮድና ባለቤታቸው ቻርልስ ከሌሎች ጋር ሆነው «ኒው ኮምዩኒቲስ» የሚባል የጋራ እርሻ መሠረቱ። ወደ 5,700 ኤከር፣ ስልሳ ጋሻ ሊሞላ ጥቂት የቀረው መሬት ነበር፤ በዚያን ጊዜ በአገሩ ጥቁሮች በጋራ ከያዙት መሬት ሁሉ ትልቁ ነው። መሬቱ የማንም የግል ሀብት ሳይሆን የማኅበሩ ነበር። ኋላ ድርቅ መጣ፤ ያስፈለገው ብድር ለዓመታት ዘገየ፤ በ1985 መሬቱ በዕዳ ተወሰደ። እነሱ ግን አልተበተኑም። በጥቁር ገበሬዎች የተከፈተውን ክስ ተቀላቅለው በ2009 ወደ 12 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ተፈረደላቸው፤ ከሁለት ዓመት በኋላም በዚያው በኦልባኒ አካባቢ ሌላ ርስት ገዙ። የገዙት ርስት ድሮ የባሪያ አሳዳሪ እርሻ የነበረ ነው። ሃያ አራት ዓመት የጠበቀ ማኅበር! እኛ ሁለት ስብሰባ ባልተሟላ ቁጥር «ማኅበሩ ፈረሰ» የምንል ሰዎች ከዚህ የምንማረው አለን።

ቅርባችንም ምሳሌ አለ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ስደተኞችን ስትቀበል በኖረችው በክላርክስተንና በዲኬተር ዙሪያ የብሩንዲ ሴቶች በጋራ ያርሳሉ። ከብዙ ዓመት የስደተኞች ካምፕ ኑሮ በኋላ የመጡ ናቸው፤ ብዙዎቹ እንግሊዝኛ አልተማሩም፣ እርሻ ግን ያውቃሉ። ከእነሱ ፊት ቆመን «ጉሊት ነውር ነው» ማለት ከበደን።

ሁሉም ነገር ቀና ነበር አንልም። አንድ ገበያ፣ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፣ በስልክ ቦታ አለ ብሎን ስንደርስ የለም ተባልን። በሌላው ደግሞ በርበሬያችን ተቀባይነት አላገኘም፤ ዛላውን ራሳችን አላበቀልነውምና። በመጀመሪያ ተቆጥተን ነበር፤ ቆይተን ስናስበው ግን ደንቡ ገበሬውን ከአትራፊ ነጋዴ ለመጠበቅ የወጣ ነው። ሳይቆረጥና ሳይበስል የሚሸጥ የጓሮ አትክልት ከበሰለ ምግብ ያነሰ ፈቃድ እንደሚጠይቅም ተረዳን። ስለዚህ እንጀራና ወጥ ለጊዜው ይቆይ፤ ቅጠላ ቅጠሉ ይቅደም ብለናል።

የተወሰነው

በጳጉሜን ስብሰባ የሰባታችንን ሪፖርት አቀረብን። እንደ ፈራነው ክርክር አልተነሣም። ታላቅ እህታችን አስቀድመው ቃል ጠየቁና እንዲህ አሉ፦ «በየካቲት የተናገርኩትን ታስታውሳላችሁ። ጉሊት ያሳፍረኛል ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፈረኝ ጉሊቱ አይደለም። እናቴ ብቻዋን መቀመጧ ነው። ስትታመም የሚተካት፣ ዝናብ ሲመጣ ሸራ የሚይዝላት አልነበረም። እናንተ ተራ ገብታችሁ የምትቀመጡ ከሆነ ልዩ ነገር ነው።» ከዚያም ከቦርሳቸው በወረቀት የተጠቀለለ የሐበሻ ጎመን ዘር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ከአገር ቤት ያመጡትን እዚሁ ጓሯቸው ዘርተው ያራቡት ነው።

ውሳኔው ይህ ነው። በሚቀጥለው ጸደይ ለአንድ ወቅት ብቻ፣ ለአሥር ቅዳሜዎች መደብ እንከራያለን። ከመረዳጃ ሣጥኑ የሚወጣው ከ1,200 ዶላር አይበልጥም፤ ያ ካለቀ ሥራው ይቆማል፣ ለሁላችንም ሒሳቡ ይነበባል። ደጋፊዎቻችን ለሕክምናና ለልጆች ትምህርት የለገሱት ገንዘብ አይነካም። በየቅዳሜው ሦስት እህቶች ይቀመጣሉ፤ አንዷም ብቻዋን አትቀመጥም። ዋጋውን እንደ 1881ዶቹ ሴቶች በጋራ እንተምናለን። ከሽያጩ ግማሹ ለአምራቿ፣ ሩቡ ለተቀማጮቹ፣ ሩቡ ወደ ሣጥኑ ይመለሳል። ከመጋዘን የተቀነሱት ሁለቱ እህቶች የመጀመሪያዎቹ ተረኞች ናቸው።

ጓሮ ያላችሁ ዘሩን ከታላቅ እህታችን ተቀበሉ፤ እየተሰፈረ የሚሰጥ ስለሆነ እያመረታችሁ ዘሩን መልሱ። ጓሮ የሌላችሁ በሶብላና ጤና አዳም በማሰሮ መትከል ትችላላችሁ። ደጋፊዎቻችን ደግሞ በጸደይ ቅዳሜ ወደ መደባችን ጎራ በሉ። ከጣሪያው ሥርም እንሁን ከጠርዙ፣ ሦስት ሴቶች ተቀምጠው ታገኛላችሁ።